ቫኪዩል ውሃ ማጠራቀሚያ ከሆነ ተክል ለምን ቶሎ ይጠወልጋል?

ጥያቄው፦ «የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ስለ እፅዋት ህዋስ ሳስተምር ቫኪዩልን "ውሃ የሚጠራቀምበት ባዶ ክፍል" እያልኩ ነው የማልፈው። ሰሞኑን አንዲት ተማሪ "ይሄን ያህል ውሃ ካጠራቀመ ተክሉ ውሃ ባጣ ማግስት ለምን ይጠወልጋል? ቫኪዩሉ ፈንድቶ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አጣሁ። በማይክሮስኮፕ ላሳያቸው ብዬ የቀይ ሽንኩርት ስስ ልጣጭ አየን። ግድግዳውና ኑክሊየሱ ታየ፤ ቫኪዩል የሚባል ነገር ግን አላገኘንም። ደግሞስ የእንስሳ ህዋስ ቫኪዩል የለውም ማለት ትክክል ነው? ለተማሪዎቼ ምን ልበላቸው?»

ተማሪዋ ልክ ናት። የቫኪዩል ዋና ሥራ ውሃ ማጠራቀም ቢሆን ኖሮ ተክል እንዲህ በቀላሉ ባልጠወለገ ነበር። ባዶ ክፍልም አይደለም። ቫኪዩል የሚሰበስበው በውሃ ውስጥ የሟሙ ነገሮችን ነው። ውሃው እነሱን ተከትሎ ይገባል። የገባው ውሃ ወደ ውጭ ይገፋል፤ የህዋሱ ግድግዳ ደግሞ አልሰፋም ብሎ ይመክታል። በዚህ መሃል ግፊት ይፈጠራል። እንጨት የሌለው ለስላሳ ተክል ቀጥ ብሎ የሚቆመው በዚያ ግፊት ነው። ከጥያቄዎችዎ አብዛኞቹ የሚመለሱት ከዚህ ተነስቶ ነው።

መጀመሪያ የማይክሮስኮፑን ነገር ላንሳ። ቫኪዩሉን አይታችሁታል። ባደገ የቅጠል ወይም የሽንኩርት ህዋስ ውስጥ ቫኪዩል ከጠቅላላው ይዘት 80 ወይም 90 በመቶ ሊይዝ ይችላል። ሳይቶፕላዝሙ፣ ማለትም የህዋሱ ክፍሎች ያሉበት ፈሳሽ፣ ከግድግዳው ጋር ተለጥፎ ስስ ሆኖ ይቀራል። ኑክሊየሱም ብዙ ጊዜ ወደ ጠርዝ ተገፍቶ ነው የሚገኘው። አንዳንዴ ደግሞ ቫኪዩሉን ሰንጥቀው በሚያልፉ የሳይቶፕላዝም ክሮች ተይዞ መሃል ላይ ይታያል። እንግዲህ «ምንም የለበትም» ብላችሁ ያለፋችሁት ያ ሰፊ ጥርት ያለ ቦታ ራሱ ቫኪዩሉ ነው።

ያልታያችሁ በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ከሽንኩርቱ የውስጥ ልጣጭ የተገኘው ህዋስ ጭማቂው ቀለም የለውም፤ ብርሃን ዝም ብሎ ያልፍበታል። ሁለተኛ፣ ቫኪዩሉን የከበበው ስስ ሽፋን፣ ቶኖፕላስት የሚባለው፣ ውፍረቱ ከ10 ናኖሜትር አይበልጥም። የብርሃን ማይክሮስኮፕ ደግሞ ከ200 ናኖሜትር ገደማ በታች የሆነን ነገር አጥርቶ መለየት አይችልም። የፈለጋችሁትን ያህል ብታጎሉ ሽፋኑን እንደ መስመር አታዩትም። ይህ የመሣሪያው ገደብ ነው፤ ናሙናው ላይ የሠራችሁት ስህተት የለም።

እንዲያም ሆኖ ሰዎች ይህን ሽፋን የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሳይኖር ደርሰውበታል። ሆላንዳዊው የእፅዋት ተመራማሪ ሁጎ ደ ቭሪስ ህዋሶችን ጨው በብዛት የሟሟበት ውሃ ውስጥ እየነከረ ተመለከተ። ቫኪዩሉ የራሱ ሕያው ሽፋን እንዳለው አሳየና በ1885 ቶኖፕላስት ብሎ ሰየመው። ይህን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። እርስዎም ክፍል ውስጥ በጨውና በውሃ ብቻ ከዚያው መደምደሚያ መድረስ ይችላሉ። ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ውስጡ እንግባ። የቫኪዩሉ ጭማቂ አብዛኛው ውሃ ነው፤ ይህ እውነት ነው። ግን ንጹሕ ውሃ አይደለም። ፖታሲየም፣ ክሎራይድ፣ ናይትሬት፣ ፎስፌት፣ ስኳር፣ እንደ ማሊክና ሲትሪክ ያሉ አሲዶች ይገኙበታል። ሸንኮራ አገዳና የስኳር ቀይ ሥር ስኳራቸውን የሚያከማቹት ቫኪዩል ውስጥ ነው። የሎሚ ጭማቂ ስንል በአብዛኛው የቫኪዩል ጭማቂ ማለታችን ነው። የሎሚው ቫኪዩል ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) 2.5 አካባቢ ይደርሳል። ከቶኖፕላስቱ ወዲህ ያለው ሳይቶፕላዝም ግን ከ7 ትንሽ ከፍ ብሎ በሰላም ይኖራል። ያን የመሰለ አሲድ ወደ ሳይቶፕላዝሙ ቢፈስ ህዋሱ አይተርፍም። ሽፋኑ ምን ያህል ሥራ እንደሚሠራ ከዚህ ይገመታል።

ሎሚ ከልክ ያለፈ ምሳሌ ነው። በአብዛኞቹ ህዋሶች የቫኪዩሉ ፒኤች 5.5 አካባቢ ነው። ይህም ትንሽ ልዩነት አይደለም። ከሳይቶፕላዝሙ ጋር ሲነጻጸር አሲድነትን የሚፈጥረው የሃይድሮጅን አየን (የኤሌክትሪክ ሙል ያለው ቅንጣት) ክምችት ከ50 እስከ 100 እጥፍ ይበልጣል። ልዩነቱ በራሱ የመጣ አይደለም። ቶኖፕላስቱ ላይ ሃይድሮጅን አየንን ወደ ውስጥ የሚገፉ ሁለት ዓይነት የፕሮቲን ፓምፖች አሉ። አንደኛው ኤቲፒን፣ ሌላው ፓይሮፎስፌትን፣ ማለትም ኃይል የያዙ ውህዶችን፣ እየሰበረ ኃይል ያገኛል። ከዚያ ሌሎች ፕሮቲኖች ይህን ክምችት መልሰው ይጠቀሙበታል። አንድ ሃይድሮጅን አየን ወደ ውጭ ሲወጣ በምትኩ ሶዲየም፣ ካልሲየም ወይም ስኳር ወደ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ቫኪዩልን መሙላት ኃይል ያስወጣል። ህዋሱ ሲሞት ፓምፖቹ ይቆማሉ፣ ሽፋኑ ያፈሳል፣ ሁሉም ይደባለቃል።

ቀለም ላይ ብዙ መምህራን ይሳሳታሉ። የቀይ ሽንኩርት ሐምራዊ ቀለም፣ የብዙ ቀይና ሰማያዊ አበቦች ቀለም አንቶሳያኒን ከሚባሉ ውህዶች ይመጣል። እነዚህ በውሃ የሚሟሙ ናቸው፤ የሚቀመጡትም ቫኪዩል ውስጥ ነው። የቀይ ሥር ቀለም ቤታሌይን የሚባል ሌላ ውህድ ነው፤ እሱም እዚያው ነው ያለው። ክሎሮፊል ግን ቫኪዩል ውስጥ የለም፣ ክሎሮፕላስት ውስጥ ነው። የካሮትና የቲማቲም ቀለምም ክሮሞፕላስት የሚባሉ ክፍሎች ውስጥ ነው ያለው፤ በውሃ አይሟሟም። የተቆረጠ ቀይ ሥር አጥባችሁ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ብታስቀምጡት ውሃው ብዙም አይቀላም። ሙቅ ውሃ ውስጥ ብትከቱት ግን ወዲያው ይቀላል። ሙቀቱ ሽፋኖቹን ስላበላሻቸው ቫኪዩሉ የያዘውን ለቀቀ። ካሮት እንደዚያ አያደርግም።

የአንቶሳያኒን ቀለም በጭማቂው ፒኤች ይለዋወጣል። ይህን በጣም የምወደው አንድ የሐረግ አበባ ላይ ነው፤ የሳይንስ ስሙ አይፖሚያ ትራይከለር ይባላል። እምቡጡ ወደ ቀይ የሚያደላ ሐምራዊ ነው። አበባው ሲፈካ ጥርት ያለ ሰማያዊ ይሆናል። አዲስ ቀለም አልተሠራም። የተለወጠው የአበባው ህዋሶች የቫኪዩል ፒኤች ብቻ ነው፤ ከ6.6 ወደ 7.7 ከፍ ይላል። ይህን የሚያደርገው ቅድም የጠቀስኩት ዓይነት አየን የሚለዋውጥ ፕሮቲን ነው። «ባዶ ክፍል» ተብሎ በሚታለፍ ነገር ውስጥ እንዲህ ያለ ቁጥጥር መኖሩን ተማሪ ሊያውቅ ይገባል።

መርዝና መከላከያም እዚያ ይቀመጣል። ትምባሆ ኒኮቲኑን ቫኪዩል ውስጥ ያስቀምጣል። ወጣት ማሽላ ዱሪን የሚባል ውህድ በቫኪዩል ይይዛል። ውህዱ ብቻውን ያን ያህል አይጎዳም። ዱሪንን የሚሰብረው ኢንዛይም ግን ሌላ ክፍል ውስጥ ተለይቶ ተቀምጧል። ነፍሳት ወይም ከብት ቅጠሉን ሲያኝኩት ግድግዳና ሽፋን ይፈርሳል፣ ሁለቱ ይገናኛሉ፣ ሃይድሮጅን ሳያናይድ ይወጣል። የእናንተ ሽንኩርትም በዚሁ ዘዴ ነው የሚሠራው፤ አቀማመጡ ብቻ ተገልብጧል። ኢንዛይሙ ቫኪዩል ውስጥ፣ ኢንዛይሙ የሚሰብረው ውህድ ሳይቶፕላዝም ውስጥ ነው። ቢላ ሲያልፍበት ይደባለቁና ዓይን የሚያቃጥለው ጋዝ ይፈጠራል። ሳይቆረጥ ሽንኩርት የማያስለቅሰው ቶኖፕላስቱ ስላልተነካ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ስለ ቫኪዩል አሲድና መርዝ ስታስተምሩ ተማሪዎች ቅጠል እንዲቀምሱ አታድርጉ። ለጌጥ በየቤቱ የሚተከለው ዲፈንባኪያ በአንዳንድ ህዋሶቹ ቫኪዩል ውስጥ መርፌ የመሰሉ የካልሲየም ኦክሳሌት ክሪስታሎች አሉት። ቢታኘክ አፍና ጉሮሮ ያሳብጣል። ክሪስታሎቹን በማይክሮስኮፕ ማየት ግን ጥሩ ነው፤ ጓንት አድርጎ ትንሽ ቁራጭ መውሰድ ይበቃል።

ማፍረስና መልሶ መጠቀምም አንዱ ሥራው ነው። አሲድ ውስጥ በደንብ የሚሠሩ ፕሮቲንና ኑክሊክ አሲድ ሰባሪ ኢንዛይሞች እዚያ አሉ። ያረጁ የህዋስ ክፍሎች ወደ ቫኪዩሉ ይገባሉ፣ ይበታተናሉ፣ ጥሬ ዕቃው ይመለሳል። በእንስሳ ህዋስ ይህን በዋናነት የሚሠራው ላይሶዞም የሚባለው ክፍል ነው።

«ፈንድቶ ነው?» የሚለው ጥያቄ እዚህ ቦታ አለው። ተክል ቫኪዩሉን ሆን ብሎ የሚያፈነዳበት ጊዜ አለ። ውሃ የሚያጓጉዙት የዛይለም ቱቦዎች ሲሠሩ ህዋሱ መጀመሪያ ግድግዳውን ያጠነክራል። ከዚያ ቫኪዩሉ ይቀደድና ኢንዛይሞቹ የውስጡን ሁሉ ጠራርገው ይፈጩታል። የሚቀረው ክፍት ቧንቧ ነው። በመጠውለግ ጊዜ ግን እንዲህ ያለ ነገር አይከሰትም።

ታዲያ ሲጠወልግ ምን ይሆናል? ግፊቱን በቁጥር እንየው። ባንድ ሊትር ጭማቂ ውስጥ የሟሙት ቅንጣቶች ድምር 0.3 ሞል ቢሆን፣ ንጹሕ ውሃ ውስጥ የተቀመጠ ህዋስ በተለመደው የክፍል ሙቀት እስከ 7 አትሞስፌር የሚደርስ ግፊት ሊያመነጭ ይችላል። በሕያው ቅጠሎች ውስጥ የሚለካው ግፊት ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 10 አትሞስፌር ነው። የቤት መኪና ጎማ ውስጥ ያለው ወደ 2 አትሞስፌር ገደማ ነው። ጎማውን ራሱ እንደ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። ካላማዳሪያው ብቻውን ቢነፋ ያብጥና ይፈነዳል። ውጫዊው ጎማ ብቻውን ደግሞ ጭነት አይሸከምም። ሁለቱ ሲገናኙ መኪና ያቆማሉ። ቫኪዩሉና ግድግዳውም እንደዚያው ናቸው። ምሳሌው የሚያበቃበት ቦታ ግን አለ፤ ጎማን ሰው ነው የሚነፋው፣ ቫኪዩሉ ግን የሟሙ ነገሮችን ይሰበስባል እንጂ ውሃውን ራሱ አይገፋም። ውሃው በኦስሞሲስ፣ ማለትም የሟሟ ነገር ወደ በዛበት ጎን በሽፋኑ አልፎ፣ ይገባል፤ ቶኖፕላስቱ ላይ ያሉት አኳፖሪን የሚባሉ የውሃ መተላለፊያ ፕሮቲኖች ደግሞ መንገዱን ያፈጥኑታል።

አሁን የተማሪዋ ጥያቄ ይፈታል። በሞቃት፣ ደረቅና ፀሐያማ ቀን አንድ ቅጠል በውስጡ ካለው ውሃ ጋር የሚተካከል ውሃ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊያተን ይችላል። ከዚህ ፍጥነት አንጻር ቫኪዩሉ ውስጥ ያለው ውሃ ለረጅም ጊዜ የሚበቃ ክምችት አይደለም። ቅጠሉ የሚኖረው ከሥር በሚመጣው ውሃ ነው። አቅርቦቱ ካነሰ ህዋሱ ከውሃው ጥቂቱን ያጣል። ግድግዳው ጠንካራ ስለሆነ ትንሽ ይዘት ሲቀንስ ግፊቱ በብዙ ይወርዳል። በብዙ ቅጠሎች ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆነው ውሃ ብቻ ሲጠፋ ግፊቱ ዜሮ ይደርሳል። ከውሃው ሰማንያ በመቶ ያህሉ እያለ ቅጠሉ ተዝለፍልፎ ይወድቃል። የጎደለው ግፊቱ ነው። ቫኪዩሉ አልፈነዳም፤ የሟሙት ነገሮችም በቦታቸው አሉ። ለዚህ ነው በጊዜ ውሃ ያገኘ ተክል ቀና የሚለው። ድርቀቱ ገፍቶ ሽፋኖቹ ከተበላሹ ግን ውሃ ቢጠጣም አይመለስም።

ውሃ ማከማቸት የሚለው ሙሉ በሙሉ ውሸት ነው ማለቴ አይደለም። ቁልቋልን የመሰሉ ወፍራም ተክሎች ውሃ ለመያዝ የተለዩ ትልልቅ ህዋሶች አሏቸው። እዚያ ቫኪዩሉ በእርግጥ ክምችት ነው። ግን የእነሱ ህዋስ ግድግዳ ስስና ተጣጣፊ ነው፤ የሰውነታቸው ውጭም በሰም ተሸፍኖ ትነትን ይከለክላል። ይህ የጥቂት ተክሎች ልዩ ችሎታ ነው። ለሁሉም እፅዋት ትርጉም አድርጎ ማቅረብ ግን ተማሪን ያሳስታል።

የእነዚሁ ተክሎች ቫኪዩል ሌላም ነገር ያደርጋል። ቁልቋልና አናናስ ቀን ላይ ውሃ እንዳይጠፋባቸው በግንዳቸው ወይም በቅጠላቸው ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች፣ ስቶማታ የሚባሉትን፣ ዘግተው ይውላሉ። ሌሊት ይከፍቱና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስገባሉ። ያስገቡትን ማሊክ አሲድ አድርገው ቫኪዩል ውስጥ ያሳድራሉ። ሲነጋ አሲዱን አውጥተው ይሰብሩና ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ለምግብ ዝግጅት ይጠቀሙበታል። ቤንጃሚን ሄይን የተባለ ተመራማሪ በ1815 የብራዮፊለም ቅጠል ጠዋት እንደሚኮመጥጥ፣ እኩለ ቀን ላይ ግን ኮምጣጣነቱ እንደሚጠፋ ጽፏል። ያን የቀመሰው የቫኪዩሉን የሌሊት ክምችት ነበር።

ስቶማታን የሚከፍተውም የሚዘጋውም ቫኪዩል ነው። ቀዳዳውን የሚጠብቁት ሁለት ህዋሶች ፖታሲየም ወደ ቫኪዩላቸው ሲያስገቡ ውሃ ይከተላል፣ ይወጠራሉ፣ ቀዳዳው ይከፈታል። ፖታሲየሙ ሲወጣ ይረግባሉ፣ ይዘጋል።

ዕድገት ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ በክፍል ውስጥ ከሁሉ የሚዘለለው እሱ ነውና። በሥር ጫፍ ላይ ያለ ወጣት ህዋስ ትንሽ ነው፤ ቫኪዩሎቹም ጥቃቅንና ብዙ ናቸው። ህዋሱ ሲያድግ ቫኪዩሎቹ እየተዋሐዱ ይሰፋሉ። ግድግዳው ይላላል፣ ውሃ ይገባል፣ ህዋሱ በብዙ እጥፍ ይረዝማል። የሳይቶፕላዝሙ መጠን ግን በዚያው ልክ አይጨምርም። ሳይቶፕላዝም ውድ ነው፤ በፕሮቲን የተሞላ ስለሆነ ናይትሮጅን ይፈልጋል። ናይትሮጅን ደግሞ ተክል በቀላሉ የሚያገኘው ነገር አይደለም። ቫኪዩሉን በውሃና በርካሽ አየኖች መሙላት ግን ብዙም አያስወጣም። ተክል ከቦታው አይንቀሳቀስም፤ ብርሃን ፍለጋ ቅጠሉን መዘርጋት፣ ውሃ ፍለጋ ሥሩን መስደድ አለበት። ያን ሁሉ ስፋት በሳይቶፕላዝም ብቻ ልሙላው ቢል አይችልም። እኔ ከቫኪዩል ሥራዎች ሁሉ ትልቁ ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ። የክሎሮፕላስቶቹም ነገር አለ። ቫኪዩሉ ወደ ጠርዝ ስለሚገፋቸው ለብርሃንና ለካርቦን ዳይኦክሳይድ ቅርብ ሆነው ይቀመጣሉ።

ጨዋማ አፈር ላይ የሚበቅሉ ተክሎች ሶዲየምን ከሳይቶፕላዝም አውጥተው ቫኪዩል ውስጥ ይዘጉበታል። እዚያ ኢንዛይም አይጎዳም፤ እንዲያውም ውሃ ለመሳብ ያግዛል። በ1999 ተመራማሪዎች ይህን የሚሠራውን ፕሮቲን አራቢዶፕሲስ በተባለች ትንሽ ተክል ውስጥ እንዲበዛ አድርገው ጨው የመቻል አቅሟ እንዲጨምር አድርገዋል። ይህ ማለት ግን በአንድ ጂን የጨዋማ እርሻ ችግር ይፈታል ማለት አይደለም። ጨው መቋቋም ከሥር እስከ ቅጠል ብዙ ነገር ይጠይቃል።

ዘር ውስጥ ያለው ደግሞ ለየት ይላል። የባቄላና የአተር ፍሬ ፕሮቲኑን የሚይዘው ለዚህ በተለዩ ቫኪዩሎች ውስጥ ነው። ውሃ እምብዛም የላቸውም። ዘሩ ሲበቅል ፕሮቲኑ ይሰበራል፣ ቫኪዩሉም ወደ ተለመደው ዓይነት ይለወጣል። ስታርች ግን ቫኪዩል ውስጥ አይቀመጥም፤ ቦታው አሚሎፕላስት የሚባል ሌላ ክፍል ነው። ዘይትም የራሱ ጥቃቅን ጠብታዎች አሉት። «ቫኪዩል ምግብ ያከማቻል» ስትሉ የትኛውን ምግብ እንደሆነ ለዩ።

የእንስሳ ህዋስ ጥያቄዎ ላይ ደግሞ «ቫኪዩል የለውም» ማለት ትክክል አይደለም። ትክክሉ «ትልቅ ማዕከላዊ ቫኪዩል የለውም» ነው። የእንስሳ ህዋሶች ትንንሽና ጊዜያዊ ቫኪዩሎች ሊኖሯቸው ይችላሉ። እርሾ ቫኪዩል አለው። ጨዋማ ባልሆነ ውሃ የሚኖረው ባለ አንድ ህዋሱ ፓራሚሲየም ደግሞ የገባበትን ትርፍ ውሃ እየሰበሰበ ወደ ውጭ የሚረጭ ተኮማታሪ ቫኪዩል አለው። ምክንያቱ ለክፍል ውይይት ይመቻል፤ ፓራሚሲየም ጠንካራ ግድግዳ ስለሌለው ውሃውን ካላስወጣ ይፈነዳል። ተክሉ ግን ግድግዳ ስላለው ያንኑ ውሃ ለጥንካሬ ይጠቀምበታል። ሁሉም የእፅዋት ህዋስ ትልቅ ቫኪዩል አለው ማለትም ስህተት ነው። የሚከፋፈሉት የጫፍ ህዋሶች ትንንሽ ነው ያላቸው። ስኳር የሚያጓጉዙት የፍሎየም ህዋሶች ሲጎለምሱ ቶኖፕላስታቸውን ያጣሉ።

ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው። ትርጉሙን ከመስጠትዎ በፊት ሙከራውን ያስቀድሙ። የሽንኩርቱን ቀለም የለሽ የውስጥ ልጣጭ ይተዉት። ከሥጋው ውጫዊ ገጽ ላይ ሐምራዊውን ስስ ልጣጭ ይላጡ። በውሃ ጠብታ ላይ ዘርግተው ይሸፍኑትና ይመልከቱ። እያንዳንዱ ህዋስ ሙሉ በሙሉ ቀለም የሞላው ይመስላል። ከዚያ 5 ግራም የገበታ ጨው በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ያሟሙ። በሽፋኑ መስታወት አንድ ጎን ይጨምሩ፣ በሌላው ጎን በሚመጥ ወረቀት ይሳቡ። በደቂቃዎች ውስጥ ቀለም ያለው ክፍል ከግድግዳው ተላቆ ሲኮማተር ታያላችሁ። ቀለሙም ይደምቃል። ውሃው ወጥቶ ቀለሙ አልወጣም ማለት ነው። ቶኖፕላስቱን ሳያዩ ሥራውን አዩት። ቶሎ ብለው በንጹሕ ውሃ ቢያጥቡት ህዋሱ ተመልሶ ይሞላል።

ሦስት ነገር ይጠንቀቁ። ጨው ውስጥ ብዙ ካቆዩት ህዋሱ ይሞታል፣ መመለሱን አታዩም። ሌላው፣ የሚኮማተረው ቫኪዩሉ ብቻ አይደለም፤ ከስስ ሳይቶፕላዝሙ ጋር አብሮ ነው። ቀለሙ ያለበት ክፍል ግን ቫኪዩሉ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ይህን ከመጠውለግ ጋር አንድ አታድርጉት። ጨዋማው ውሃ ግድግዳውን አልፎ ስለሚገባ ህዋሱ ከግድግዳው ይለያል። አየር ላይ የሚጠወልግ ቅጠል ግን ብዙ ጊዜ ግድግዳው ከውስጡ ጋር አብሮ ይጨማደዳል እንጂ አይላቀቅም። ሁለቱም ግፊት ማጣት ናቸው፤ መልካቸው ግን ይለያያል። ለማነጻጸር አንድ ልጣጭ የፈላ ውሃ ውስጥ ነክረው ያንኑ ጨው ይስጡት። ቀለሙ ፈስሶ ያልቃል፣ የሚኮማተር ነገርም አይኖርም። ሽፋኑ ሕያው መሆን እንዳለበት በዚህ ይታያል።

ከሙከራው በኋላ የሚያጽፏቸው ትርጉም ይህ ይሁን፦ «ቫኪዩል በቶኖፕላስት የተከበበ፣ አየኖችን፣ ስኳርን፣ አሲዶችን፣ ቀለሞችንና መከላከያ ውህዶችን የያዘ ክፍል ነው። በውስጡ በሟሙት ነገሮች ውሃ እየሳበ ከግድግዳው ጋር ሆኖ ህዋሱን ይወጥራል፣ ያሳድጋል፤ ያረጀውንም ይሰብራል።» ከዚያ የህዋሱን ሥዕል እንደገና ያሥሏቸው። ቫኪዩሉ ከአራት እጅ ሦስቱን አልፎ ይሙላው። ሳይቶፕላዝሙ ስስ ሆኖ ዙሪያውን ይክበብ፣ ኑክሊየሱና ክሎሮፕላስቶቹ እዚያ ስሱ ውስጥ ይግቡ። ሽፋኖቹም ሁለት ሆነው ይሳሉ፤ አንዱ ከግድግዳው ሥር፣ ሌላው ቫኪዩሉ ዙሪያ።